በረኪና የሚሸት ባል

ለማከብርሽና ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፤ ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ቁርጥማት ለቀቀሽ ወይ? ይህን ደብዳቤ አደራሽን ያለ መነጽር እንዳታነቢው። ባለፈው "ታምሜ ሰነበትኩ" ብዬ የጻፍኩትን "ታርቄ ሰነበትኩ" ብለሽ አንብበሽ ለዘመድ አዝማድ ሁሉ አዳረስሽው፤ እኔ አልጋ ላይ ተኝቼ እያቃሰትኩ ሰው "እንኳን ደስ ያለሽ" እያለ ይደውልልኝ ነበር። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ካውያ የምይዝበት ትከሻዬ ብቻ እንደ ልማዱ ያኮርፋል።

ቅዳሜ መናኸሪያ ወጥተሽ፣ አውቶቡሱ ገብቶ ሰዉ ወርዶ እስኪያልቅ ቆመሽ እንደጠበቅሽኝ አውቃለሁ። በማግስቱ ስትደውዪ አላነሳሁም። "በሕይወት አለሁ፣ እጽፍልሻለሁ" ከሚል መልእክት በቀር ምንም ሳልልሽ ይኸው ሁለት ሳምንት ሊሆን ነው። ብትቆጪ መብትሽ ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ ግን ስለምታቋርጪኝ ነው። እኔ "ባሌ" ብዬ ስጀምር አንቺ "ያ ሰውዬ" ብለሽ ትቀበይኝና ወሬው የኔ መሆኑ ቀርቶ ያንቺ ይሆናል። ወረቀት ላይ ግን ብትጮሂም አልሰማሽም። ስለዚህ ቁጭ በይና እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ነገሩ የጀመረው "አቤት" በምትል ቃል ነው።

ባሌን ታውቂዋለሽ። ቀኑን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ፣ ሕዝብ ከኋላው "ወራጅ አለ!" እያለ ሲጮህበት ይውልና ቤት ሲገባ ጆሮውን ውጭ ጥሎት የመጣ ይመስላል። ስጠራው "እ" ይላል። ደህና የዋለ ቀን "ምን?" ይላል። ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ደግሞ ያቺ "እ" እንኳ ቀርታ ነበር። እሱ ከቴሌቪዥኑ ፊት፣ እኔ ከምድጃው ፊት፤ ሁለት ተከራዮች እንጂ ባልና ሚስት አንመስልም ነበር።

ዝናቡ ባየለበት ሰሞን አንድ አመሻሽ ላይ፣ ወጥ ቤት ሆኜ እንደ ልማዴ መልስ ሳልጠብቅ ጠራሁት። "አቤት!" አለኝ። ጭልፋው ከእጄ ወደቀ። ደግሞ እዚያው ተቀምጦ አይደለም፤ ተነስቶ በሩ ላይ መጥቶ ቆሟል። "ምን ሆንክ?" አልኩት። "ጠራሽኝ እኮ" አለ። "ስጠራህ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው እንዴ?" ብለው ፊቱ ልውጥ አለና መሬት መሬት እያየ "አይደለም" አለኝ። 

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውዬው ሌላ ሰው ሆነ። ከሥራ በኋላ ከሾፌሮቹ ጋር የሚጎነጫትን ተዋት። የበላበትን ሳህን አንስቶ ያጥብ ጀመር፤ ቅባቱ እንዳለ ነው የሚተወው፣ እኔ ተደብቄ ደግሜ አጥበዋለሁ፣ ግን ያጥባል። "ትከሻሽን እንዴት ነው የሚያምሽ?" ብሎ ጠየቀኝ። ስንት ዓመት የታመምኩትን ትከሻ! ሌላ ሴት ብትሆን እልል ትላለች። እኔ ግን ፈራሁ። አውልቆ የሚጥለውን ሸሚዝ አጣጥፎ ወንበር ላይ ሲያስቀምጥ እያየሁ "ይሄ ሰው ምን በድሎኝ ነው?" እላለሁ።

ደወልኩልሽ። ያልሽኝን ታስታውሻለሽ? "ብረት የሚለሰልሰው እሳት ሲያገኝ ነው። ያንቺ ቤት ምድጃ ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው? እንግዲህ እሳቱን ሌላ ቦታ ፈልጊው" አልሽኝ። ያንቺ ሰውዬ ጥሎሽ በሄደበት ሳምንት ነጠላ ገዝቶልሽ እንደነበር ደገምሽልኝ። ስልኩን ዘጋሁ። አዲስ ነገር አልነገርሽኝም፤ እኔው ራሴ በልቤ ያልኩትን ነው የመለስሽልኝ። ግን ከሰው አፍ ሲወጣ እውነት ይመስላል።

ቀጥሎ በረኪናው መጣ።

ሥራዬን ታውቂያለሽ። በሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል የአንሶላና የፎጣ ተራራ መካከል ነው ዕድሜዬ ያለቀው፤ የበረኪና ሽታ ቆዳዬ ውስጥ ገብቷል። እሱ ደግሞ ከተጋባን ጀምሮ የሚሸተው ናፍጣ ነው። ሁለታችንም ለምደነዋል። አንድ ማክሰኞ ግን ጸጉሩ ረጥቦ ገባ። ውጭ ፀሐይ ነበር። የማልፍ መስዬ ወደ አንገቱ ሥር ጠጋ ብዬ ባሸት፣ በረኪና! የኔ እንዳይባል ያን ቀን እረፍት ነበርኩ፤ ከጠዋት ጀምሮ ሽንኩርት እንጂ ሌላ አልነካሁም።

እትዬ፣ ሽቶ ቢሸተኝ ይሻለኝ ነበር። ሽቶ የምትቀባ ሴት ሩቅ ናት፣ አላውቃትም፣ እረግማትና ይወጣልኛል። በረኪና የምትሸት ሴት ግን ከጎኔ ቆማ የአንሶላውን ሌላ ጫፍ የምትይዝልኝ ናት። በማግስቱ ሥራ ስገባ ሁሉንም በጥርጣሬ አየኋቸው። የምትስቀው ለምን እንደምትስቅ፣ ዝም ያለችው ለምን ዝም እንዳለች። ቀጠን ያለችውን፣ ፎጣ የምታጥፈውን፣ "ባልሽ ደህና ነው?" ብትለኝ "ምን አገባሽ?" ብያት ቀኑን ሙሉ ስታለቅስ ዋለች። ሳር ቅጠሉ ጠላቴ ሆነ።

ዓይኑም ይቀላ ጀመር። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ሌላ ቀን ሳይሆን እነዚያ ሁለት ቀናት፣ ዓይኑ እንደ ሚጥሚጣ ቀልቶ ይገባል። "አቧራ ነው" ይለኛል። እኔ "ተጸጽቶ ሲያለቅስ ነው የዋለው" አልኩ። "ተጨማሪ ተራ ደርሶኛል" ያለኝም እነዚያኑ ቀናት ነው። ስምሪት ክፍል ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ "የምን ተጨማሪ? እሱ እኮ ለምኖ ወደ ጠዋት ፈረቃ ተቀይሯል፣ ከሰዓት በኋላ ነጻ ነው" አለችኝ። አመስግኜ ዘጋሁ። ክምሩ አንሶላ ላይ ተቀመጥኩ፤ ኃላፊያችን ብታይ ያን ሁሉ አንሶላ እንደገና ታሳጥበኝ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ልነግርሽ ይገባል። የማሽን ጠጋኛችን ነው። ካውያው እንፋሎት አልሰጥ ሲል፣ ማጠቢያው ውሃ ሲያፈስ የሚጠራው እሱ ነው። የምላሱን ልስላሴ አይተው ሴቶቹ "ቅቤው" የሚል ስም አውጥተውለታል። ጨዋ ሰው ነው። ሚስት የለውም፤ ራሱ ነው የነገረኝ። ያን ሰሞን የኔ ካውያ ከሌሎቹ ሁሉ ቶሎ ቶሎ ይበላሽ ነበር፤ ይህን ልብ ያልኩት አሁን ስጽፍልሽ ነው። ካውያውን ፈታትቶ እያየ "ዛሬስ ፊትሽ ጠቁሯል" ይለኛል። ሰው ፊቴን ካየ ዘመን አልፎት ነበርና ነገርኩት። ሁሉን ባይሆን ብዙውን።

ሰምቶኝ ሲያበቃ አልፈረደም። "የሰው ትዳር ውስጥ ምን አገባኝ" አለ። በሌላ ቀን ደግሞ "ብነግርሽ ክፉ ልሆን ነው፣ ባልነግርሽም ክፉ ልሆን ነው" አለ። ሦስተኛ ቀን ነገረኝ። ከገበያው በላይ ባለው ሰፊ መንገድ ላይ፣ ባሌ ጸጉሯ አጭር ከሆነ ሴት ጋር ወደ አንድ ትልቅ ሕንፃ ሲገባ አይቷል። ሴትዮዋ ክንዱን ይዛው ነበር። ይስቁ ነበር። "ይስቁ ነበር?" አልኩት። ክንዱን መያዟ ሳይሆን መሳቁ ነው የቆረጠኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቂዋለሽ። "ነዪ" አልሽኝ፤ የጀርባውን ክፍል አጽድተሽ፣ መጋረጃ ሰቅለሽ ጠበቅሽኝ። እኔም ልብሴን በትንሽ በትንሹ ወደ ሥራ ቦታ አሻግሬ ሻንጣዬን እዚያው ሞላሁ። ትኬት የመቁረጡን ነገር ያው ጠጋኙ "እኔ እጨርስልሻለሁ፣ አንቺ አትንገላቺ" አለኝ። ሻንጣውንም እሱ ይጭንልኛል፤ እኔ ደግሞ የሚያውቀኝ ሰው በማይበዛበት በከተማው መውጫ ላይ ጠብቄ እሳፈራለሁ። እንዲህ ተባብለን ለቅዳሜ ረፋድ ተቀጣጠርን።

ቅዳሜ ጠዋት ባሌ ትንሿን ቦርሳውን አንግቶ "ዛሬም ተራ አለብኝ" አለና ወጣ። ቦርሳውን ሲያነግት ትከሻው ላይ አንድ ነገር አየሁ፤ ቀና ብሎ ነበር። እንዲያ ቀና ብሎ ሲሄድ አይቼው አላውቅም። መጀመሪያ "ይሂድ፣ እኔም እሄዳለሁ" አልኩ። ኮቴን ለበስኩ፤ የመንገድ ጫማዬን አሰርኩ። በሩን ስቆልፍ ግን እጄ ቀጥ አለ። በዓይኔ ሳላይ ብሄድ "ምናልባት" የምትባል ቃል ዕድሜ ልኬን ትከተለኛለች። ጥፋቱን አይቼ፣ አንገቷን አይቼ፣ ከፈለግሁም ጸጉሯን ነጭቼ ልሂድ ብዬ ተከተልኩት።

ባልን መከተል እንዴት ያለ ውርደት እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም። ጎሚስታው ጋ የመኪና ጎማ ተገን አድርጌ ቆምኩ። መድኃኒት ቤቱ ጋ መስታወቱን የማይ መስዬ ቆምኩ፤ ፋርማሲስቷ ወጥታ "ምን ልርዳሽ?" ብትለኝ "ለሆድ ቁርጠት" አልኳት፣ ውሸት አልነበረም። እሱ ዞር ብሎ አላየም። መሻገሪያው ላይ ቆሞ አንዲት አሮጊት ሴት በክንዷ ደግፎ አሻገረ። "አይ ማስመሰል!" አልኩ፤ ማንም እያየው እንዳልሆነ ግን ረስቼዋለሁ።

ሰፊው መንገድ ላይ ደረስን። ሕንፃው ጠጋኙ እንዳለው ትልቅ ነው። ባሌ ገባ። እኔ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ቀና ስል፣ ከሕንፃው ግንባር ላይ፣ ሰው የሚያህሉ ሰማያዊ ፊደላት አየሁ፦ የሕዝብ መዋኛ።

እትዬ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ባሌ አይደለም። ያን ጽሑፍ ከዚህ ማዶ ሆኖ ዓይኑ የደከመ ሰው እንኳ ያነበዋል። ታዲያ የሴትዮዋን ጸጉር ማጠር፣ ክንድ መያዟን፣ መሳቃቸውን ሁሉ ያየ ሰው ይህን እንዴት ሳያይ ቀረ? አይቶስ እንደሆነ ለምን "አንድ ትልቅ ሕንፃ" ብቻ አለኝ?  መንገዱን ተሻገርኩ።

በሩ ላይ ያለው ጥበቃ "ዋናተኛ ነሽ ወይስ ተመልካች?" አለኝ። "ሚስት ነኝ" አልኩት። "እንግዲያው ተመልካች ነሽ" ብሎ አሳለፈኝ።

ውስጡ ይሞቃል፤ ድምፅ ሁሉ ያስተጋባል። አፍንጫዬን የመታኝ ምን መሰለሽ? በረኪና። ውሃው ራሱ ነው የሚሸተው። ከምሰሶ ኋላ ቆሜ ባሌን ፈለግሁት። ጥልቀት በሌለው በኩል፣ ከወገቡ የማይበልጡ ልጆች መካከል ቆሟል። አጭር ቁምጣ ለብሷል፤ ያን ሁሉ ዓመት ከመሪው ጀርባ የኖረ ቦርጩ እንዳለ ነው። ጸጉሯ አጭር የሆነችው ሴት ከፊቱ ቆማ አገጩን በመዳፏ ደግፋ ይዛዋለች። የኔ እኩያ ትሆናለች። ያን አገጭ እኔ ከነካሁት ስንት ዘመን ሆነኝ? ደሜ ፈላ። ኮቴን ከፈትኩና እጅጌዬን ሰበሰብኩ፤ እውነቴን ነው፣ ልገባላት ነበር።

ሴትዮዋ ድንገት አገጩን ለቀቀችው። "አትያዝ! ተንፍስ!" እያለች ጮኸች። ባሌ ሁለት ጊዜ እጁን ወዘወዘና ሰመጠ። አረፋ ብቻ ቀረ። "ኧረ ሰመጠ!" ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት ብቅ አለ፤ ጠርዙን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ ያስላል። ልጆቹ ሳቁበት። አሁን ይቆጣል ስል እሱም ሳቀ። እትዬ፣ የባሌን ሳቅ ረስቼው ኖሯል። ወፍራም ነው፤ ሳል የሚቀላቀልበት ነው፤ ስንጋባ የወደድኩት እሱን ነበር። ጠጋኙ "ይስቁ ነበር" ያለው አልዋሸም። የዋሸው በሌላው ነው።

ደግሞ ተመለሰ። ደግሞ ሰመጠ። ፍርሃቱን ከማንም በላይ እኔ አውቃለሁ፤ ገና ሙሽሮች ሳለን ጀልባ ላይ እንሳፈር ብለው ፊቱ አመድ የመሰለ ሰው ነው። ያ ሰው እንደገና ጠርዙን ለቀቀ። ቀስ ብሎ፣ እየተንፈራገጠ፣ ውሃ እየጠጣ ወዲህ ወደኔ መጣ። መጣ፣ መጣና ከእግሬ ሥር ያለውን ጠርዝ ያዘ። ዓይኑን ከውሃው ጠራርጎ ሲያይ ጫማዬን አየ። ቀና ሲል እኔን አየ።

ደነገጠ። እኔም ደነገጥኩ። ከዚያ ምን አለኝ መሰለሽ፤ "ጫማሽ እንዳይረጥብ" አለኝ። የመንገድ ጫማዬን ነው። ወደ ሥራ የምሄድበት ሌላ እንደሆነ ያውቃል። አንዴ ጫማውን፣ አንዴ ኮቴን አየና ዓይኑን መለሰ።

ልብሱን ለብሶ መጣና ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ጸጉሩ ረጥቧል፣ ዓይኑ ቀልቷል። ቦርሳዬ ውስጥ ስልኬ ደጋግሞ ይጮሃል። "አታነሺውም?" አለኝ። "አላነሳም" አልኩት። "ማን ነው?" አላለኝም። ሲጮህ ሲጮህ ቆይቶ ዝም አለ። ከዚያ ማውራት ጀመረ፤ በትዳራችን እንደዚያ ቀን አውርቶ አያውቅም።

ዝናቡ በበረታበት ሰሞን፣ አውቶቡሱን ይዞ ድልድዩ ጋ ሲደርስ መንገዱ ተዘግቷል። ሰው ሁሉ ወደ ወንዙ እያየ ይጮሃል። ወንዙ ሞልቷል። ወርዶ ሲያይ አንዲት ልጅ የወደቀ ግንድ አቅፋ ውሃው መካከል ትንጠለጠላለች። እሱ ሳያስበው ቁልቁል ሮጦ ከሁሉ ቀድሞ ዳር ደረሰ። ልጅቷ ዓይን ለዓይን አየችው። "ጋሼ! ጋሼ!" እያለች ጠራችው። ውሃው ጉልበቱ እስኪደርስ ገባ። ከዚያ ወዲያ እግሩ እምቢ አለው። "ልክ የመኪና ፍሬን የተያዘ ያህል" አለኝ። ቆሞ ቀረ። ልጅቷ መጣራቷን ተወች፤ ዝም ብላ ታየው ጀመር። "መጣራቱን ስትተወው ነው የሞትኩት" አለኝ።

ከኋላው አንዲት ሴት ጫማዋን እየወረወረች መጣች፣ በጎኑ አልፋ ገባች፣ ልጅቷን ይዛ ወጣች። ያቺ ጸጉሯ አጭር የሆነችው ናት፤ ዋና አስተማሪ ናት፤ እዚያው አውቶቡሱ ውስጥ ከተሳፋሪዎቹ አንዷ ነበረች። ባሌ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ እንዳለ ቆሞ ያለቅሳል። ሴትዮዋ ስታልፍ ትከሻውን መታ መታ አድርጋ "አትፈር። ሁለታችሁን ከማወጣ አንዷን ባወጣ ይሻለኛል" አለችው። ልታጽናናው ነው። እሱ ግን "በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር" አለኝ።

"ቤት መጣሁ" አለኝ፣ "አንቺ ከወጥ ቤት ጠራሽኝ። ዝም ልልሽ አፌን ስዘጋ የልጅቷ ዓይን መጣብኝ። ይህቺንም ዓመት ሙሉ ስትጣራ ቆሜ ነው ለካ የማያት አልኩ።"

ከዚያ በኋላ እትዬ፣ መንገደኛው እያየን፣ ተቃቅፈን አለቀስን። ለምን እንደደበቀኝ ጠየቅሁት። "ፈርቼ ባቆመውስ? አንዴ ከዳር ዳር ደርሼ ላሳይሽ ነበር" አለኝ። "ይኸው ደረስክ" አልኩት። "ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። አንቺን ሳላይ ነው የደረስኩት፤ ባይሽ ኖሮ እሰምጥ ነበር" ብሎ ሳቀ።

አስተማሪዋ ወጥታ ሰላም አለችኝ። ሳመችኝ። ከእግር እስከ ራሷ አየኋት፤ ባሌ ሲያወራ እየሰማች ምን ያህል እንደራቀች፣ ምን ያህል እንደቀረበች ለካሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አላምናትም። አጭር ጸጉር እንደሷ የሚያምርባት ሴት አይቼ አላውቅም። ግን ረቡዕ ረቡዕ የሴቶች ክፍል አላት፤ ተመዝግቤያለሁ። "እሷን ለመጠበቅ ነው" ብዬ ነበር ለራሴ። ባለፈው ረቡዕ ውሃው ደረቴ ሲደርስ እሷኑ አንገቷን አንቄ "እንዳትለቂኝ!" ስል ዋልኩ። ሳቀች። "ባልሽም እንዲህ ነው ያለኝ" አለችኝ።

ሥራ ቦታም ኃላፊያችንን ወደ ጠዋት ፈረቃ እንድታዛውረኝ ጠየቅኋት። "ካውያሽ ይበላሽ በነበረ ሰሞን ከሰዓቱን አንቺ ራስሽ ነበርሽ እኮ የለመንሽኝ" ብላ ተገረመች፤ ግን አዛወረችኝ። ያቺን ፎጣ የምታጥፈውንም ይቅርታ ጠየቅኋት። አሁን ባሌና እኔ በአንድ ሰዓት እንወጣለን፤ እስከ መንገዱ ጫፍ አብረን እንሄድና ወዲያና ወዲህ እንለያያለን። ብዙ አናወራም። ግን ዝምታው እንደ ድሮው አይደለም።

አንቺን አላማሁሽም እትዬ። አንቺ የደረሰብሽን ነው የነገርሽኝ። የኔን ቤት ግን ባንቺ ቤት መስኮት ሳየው ኖሬያለሁ፤ ጥፋቱ የመስኮቱ አይደለም፣ ያየሁት እኔ ነኝ።

አሁን በመልእክትሽ ወደ ጠየቅሽኝ ነገር ልመለስ። ሻንጣዬን ተረክበሽ ስላስቀመጥሽልኝ ፈጣሪ ይስጥልኝ። ያመጣልሽ ሰው ያው ጠጋኛችን ነው። እሱም በዚያው መስመር ዘመድ ሊጠይቅ ይሄድ ነበር መሰለኝ፤ ጉዳዩ ስለገጠመ ነው። "ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶውን መጣ" አለኝ ብለሽ የጻፍሽልኝ፣ ወንበራችን መያያዙ አጋጣሚ ይሆናል፤ ትኬት የሚቆርጡት ሰዎች እንደፈለጉ ነው የሚደለድሉት። "አንቺ በመቅረትሽ እሱ ለምን ከኔ ብሶ አዘነ?" ላልሽው ግን መልስ የለኝም። ተመልሶ ቢመጣ እንዳታስገቢው። ስልኬን ቢጠይቅሽ ቁጥር ቀይራለች በይው፤ ቀይሬያለሁም። የጀርባውን ክፍል "ለሁለት ሰው የሚበቃ አልጋ ይሁንበት" ያልኩሽን ደግሞ እርሺው። ትከሻዬን ስለሚያመኝ መንፈራጠጥ እወዳለሁ፤ ለዚያ ነው።

ባሌ ቡናማ ሹራቤን አጥቶት "የት ሄደ?" አለኝ። "እህቴ ጋ ነው" አልኩት። ጥቂት አሰበና "እንግዲያው እረፍት ስወጣ አብረን ሄደን እናመጣዋለን፤ እሷንም ካየናት ቆይተናል" አለኝ። ስለዚህ እንመጣለን። ሻንጣውን ቁምሳጥንሽ ውስጥ አድርጊልኝ። ማን እንዳመጣው፣ እንዴት እንደመጣ ከጠየቀሽ እሷ ትነግርሃለች በይው።

ግን አይጠይቅሽም። ስንመጣ ታይዋለሽ፤ ሻንጣውን አንስቶ ይሸከምልኛል እንጂ አንድ ቃል አይጠይቅም። ከመዋኛው ውሃ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ጉልበትሽን ጤና ያድርገው፤ ደረጃውን በሩጫ የምትወጪበትን ቀን ያሳየኝ። ቤትሽን ሰላም፣ እንቅልፍሽን ጣፋጭ ያድርግልሽ። ክፉ ያየ ልብሽን ደግ ያሳየው።

የጀርባውን ክፍል መጋረጃ ግን አታውርጂው።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ